ኔትወርክ ሲጠፋ ተሳፋሪው መንገድ ላይ አይቅር!

የተከበራችሁ የሰንጋ ተራ ነዋሪዎች፤

የከተማችን ትራንስፖርት ወደ ስልክ ክፍያ እየገባ ነው። ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ነዳጅ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሆን መደረጉን ሁላችንም እናስታውሳለን። ማደያው ላይ «ሲስተም የለም» ከተባለ፣ ሜክሲኮ ቆመን ታክሲ የምንጠብቀው እኛው ነን። የአውቶቡሱና የባቡሩ ትኬትም ወደ ስልክ ብቻ ከገባ ወረፋው ይብሳል።

«ዛሬ ስልክ የሌለው ማን አለ?» የሚሉን አልጠፉም። እኛ ደግሞ እንጠይቃለን፦ ባትሪ የዘጋበትስ? ማንበብ የማይችሉት እናታችንስ? ዝርዝር ብር ጨብጦ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅስ?

ስጋታችን ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የተቋረጠው ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ቆይቷል። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ትኬት ቢኖር ኖሮ በዚያ ሰሞን ማን ይሳፈር ነበር? መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰ ብልሽት ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ሲያወጡ አደሩ፤ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር፤ አገልግሎቱም ለሰዓታት ቆመ። የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ከዚህ ካልዳነ፣ የአውቶቡስ ትኬት ማሽን አይበላሽም የሚለን ማነው?

ዘመናዊነትን አንጠላም። የምንቃወመው የማሽኑ ጥፋት በተሳፋሪው ላይ እንዲጫን ነው። በአሜሪካ፣ ሳንፍራንሲስኮ ከተማ፣ በኅዳር 2009 ዓ.ም. ሰርጎ ገቦች የትራንስፖርት ድርጅቱን ኮምፒዩተሮች በቆለፉበት ጊዜ ድርጅቱ የባቡር መግቢያዎቹን ከፍቶ ሕዝቡን በነፃ አሳፍሯል። ኪሳራውን ራሱ ቻለው እንጂ ሕዝቡን «ተመለስ» አላለም።

ስለሆነም የሚከተሉትን አጥብቀን እንጠይቃለን፦

1ኛ/ የወረቀት ትኬትና የጥሬ ገንዘብ ክፍያ ከስልኩ ጎን ይቀጥል፤

2ኛ/ ሲስተም በቆመ ሰዓት ተሳፋሪው ይሳፈር፤ ሒሳቡ የድርጅቱ ነው፤

3ኛ/ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ የተቆረጠበት ሰው አቤት የሚልበት፣ ሰው የተቀመጠበት መስኮት ይኑር፤

4ኛ/ የት እንደወጣንና የት እንደወረድን የሚይዘው መዝገብ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ይጠበቅ።

ጎረቤቶች፤ ነገሩ ካለፈ በኋላ ማጉረምረም አይጠቅመንም። በሚቀጥለው ስብሰባ ተገኝተን በአንድ ድምፅ እንናገር። ያነበበ ላላነበበ ይንገር!