የጓንግ ውሃና የሽንኩርት ሥር

መተማ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበትን የጦር ሜዳ ነው፤ ነጋዴው ደግሞ ሰሊጡን ያስታውሳል። ዛሬ የምናነሣው ግን በአንድ የሰሊጥ ሥር ጫፍ ውስጥ፣ ለዐይን ሳይታይ የሚፈጸም ጉዳይ ነው።

እንደሚታወቀው ሥር የሚያድገው በጫፉ ያሉት ሕዋሳት እየተከፈሉ ስለሚበዙ ነው። ሕዋሱ ሊከፈል ሲል የዘር ጠባይ የሚሸከሙት ክሮሞሶሞች (በሰሊጥ 26 ናቸው) እጥፍ ሆነው መሐል ላይ ይሰለፋሉ፤ ከዚያም ቀጫጭን ክሮች እኩል አድርገው ወደየዳሩ ይስቧቸዋል። የነዚህ ክሮች ስብስብ መሐሉ ሰፋ፣ ጫፎቹ ሾል ያሉ በመሆናቸው የእናቶቻችንን እንዝርት ይመስላል። ባዜቃ (ሜርኩሪ) ከገባ ክሮቹ የተሠሩበትን ፕሮቲን ድኝ ባለበት በኩል ይይዘዋል፤ እንዝርቱም ይፈርሳል። ክሮሞሶሞቹ ሳቢ አጥተው ተበትነው ይቀራሉ፤ አንዳንዱም ሕዋስ ሳይከፈል እጥፍ ክሮሞሶም ይዞ ይቀራል። እርሳስና ካድሚየምም ክፍፍሉን ያዘገያሉ፣ ክሮሞሶም ይሰብራሉ። ሥሩ ያጥራል፤ ጫፉ ያብጣል። ገበሬው ግን የሚያየው የቀጨጨ ቡቃያ ብቻ ስለ ሆነ በዝናቡ ወይም በተባዩ ያመካኛል።

ይህ ሁሉ መተማን ምን አገባት? የሚል አንባቢ አይጠፋም። ከድንበሩ ማዶ በሱዳን በእጅ ወርቅ የሚያወጡ ሰዎች ወርቁን የሚሰበስቡት በባዜቃ ነው። በትንሽ ዕቃ የሚያዝ ነገር ደግሞ ድንበር ለመሻገር አይቸገርም። ከባድ መኪና በሚመላለስበት ከተማ አሮጌ ባትሪ ሲሰበር እርሳሱ መሬት ላይ ይቀራል። የቆላው ዋልካ አፈርም የያዘውን ብረት በቀላሉ አይለቅም። ጓንግ ሱዳን ገብቶ አትባራ ስለሚባል የእኛ ቸልታ የጎረቤትም ዕዳ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወዲህ በሱዳን ጦርነት ምክንያት ስደተኛ በመተማ በኩል ሲገባ ሹሙ ሁሉ በዚሁ ተጠምዷል፤ ስለ ውሃ የሚጠይቅ ቢጠፋ አይፈረድበትም።

በኮምቦልቻ በወንዞቹ ውስጥ ክሮሚየም የተለካው ፋብሪካዎቹ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ነው። በመተማ ግን አስቀድሞ መመርመር ይቻላል፤ ወጪውም ቀላል ነው። ስዊድናዊው ሊቅ አልበርት ሌቫን በ1938 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) መድኃኒት በሽንኩርት ሥር ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ አሳየ፤ በ1969 ክላስ ራሜል በዚሁ ሥር የባዜቃን ውሁዶች መረመረ። የሽንኩርት ክሮሞሶሞች 16 ብቻና ትልልቅ በመሆናቸው በተራ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ይቈጠራሉ። አንዱን ሽንኩርት በወንዙ ውሃ፣ ሌላውን በንጹሕ ውሃ ላይ አስቀምጦ ሥሮቹን ከጥቂት ቀን በኋላ ማስተያየት ነው።

ነገር ግን አናጋንን። ሽንኩርቱ ውሃው ጕዳት እንዳለበት ይናገራል እንጂ የትኛው ብረት እንደ ሆነ አይናገርም፤ ለዚያ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። በሥር ላይ የደረሰ ጕዳትም ወደ ዘር አይተላለፍም፤ አበባው ውስጥ ከደረሰ ግን ፍሬው መካን ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ናሙና ክረምቱ ሲወጣ ጓንግ ጎድሎ ሳለ ከድልድዩ በላይና በታች ቢወሰድ ይበቃል።