ቫይረሱ በኪስ ነው የመጣው

«ኢንተርኔት እንኳ የለው፤ ቫይረስ ከየት ይመጣበታል?» በደቡብ ጎንደሯ ደብረ ታቦር ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ ይህን ብሏል፣ ካላለም ሲባል ሰምቷል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ አባባሉ ጉልበት አገኘ። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ወራት ሲቆጠሩ፣ ቤት የተቀመጠው ላፕቶፕ ዓለም የማይደርስበት ንጹሕ ዕቃ መሰለ። «ቢያንስ ከቫይረስ አረፍን» ብሎ የተጽናናም አልጠፋም።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መስመር የተቋረጠበት ኮምፒውተር መስመር ካለው ይልቅ ይታመማል፤ ከታመመም ቶሎ አይድንም። ኢንተርኔት ማጣት እዚህ አገር የበሽታው ግማሽ ነው።

ታሪኩን የሚያውቅ ሰው በዚህ ባልተገረመ። የመጀመሪያው የፒሲ ቫይረስ የሚባለው «ብሬን» በ1986 እ.ኤ.አ. ከላሆር፣ ፓኪስታን የወጣው በፍሎፒ ዲስክ ነው፤ ያኔ ድረ ገጽ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም። በ2008 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር የኮምፒውተር መረቡ በፍላሽ በገባ ቫይረስ ተበክሎበት ፍላሽ እስከ መከልከል ደርሷል። በ2010 እ.ኤ.አ. የተደረሰበት «ስታክስኔት» ደግሞ የኢራንን የናታንዝ ኑክሌር ጣቢያ ማሽኖች ሲያበላሽ፣ ጣቢያው ከኢንተርኔት የተነጠለ ነበር። ወታደር በሚጠብቀው ግቢ ያልተከለከለ ፍላሽ በእኛ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ቆሞ ፈቃድ ይጠይቃል?

እስቲ አንዲት ፍላሽ እንከተል። የላይ ጋይንት መምህር ነው እንበል። ንፋስ መውጫ መብራት ጠፍቶበት የሴሚስተር ፈተናውን ማሳተም አልቻለም፤ ፍላሹን ኪሱ ከትቶ ደብረ ታቦር ይወርዳል። ፎቶ ኮፒ ቤቷ ውስጥ አንድ ዴስክቶፕ አለ። ዊንዶውስ 7 ነው፤ ማይክሮሶፍት ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደህንነት ማደሻ መላኩን ያቆመበት ማለት ነው። ያ ዴስክቶፕ ከጠዋት ጀምሮ ያልጎረሰው የለም፤ የሥራ ፈላጊ ሲቪ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከእብናት የመጣ የዕድር ደብዳቤ። ሁሉም በፍላሽ ነው የመጣው። እዚያ የምትሠራው ልጅ የመምህሩን ፍላሽ ሰክታ ትንሽ ታይና «መምህር፣ ፎልደሮቹ ሾርትከት ሆነውብዎታል» ትላለች። መምህሩ ይደነግጣል። «ጠፋ ማለት ነው?»

አልጠፋም። ይህን ቫይረስ ጠጋ ብሎ ማየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ቫይረሱ ፎልደሩን አይሰርዝም፤ ሁለት ምልክት ብቻ ይለጥፍበታል፤ አንዱ «የተደበቀ»፣ ሌላው «የሲስተም» የሚል። ዊንዶውስ እነዚህን ሁለት ምልክቶች ሲያይ ፎልደሩን ከዓይን ይሰውረዋል። በቦታው ያንኑ ስም የያዘና የፎልደር መልክ ያለው ሾርትከት ይቀመጣል። ሾርትከቱ ሁለት ትእዛዝ ይዟል። መጀመሪያ እዚያው ፍላሽ ላይ የተደበቀውን ስክሪፕት ያስነሣል፤ ቀጥሎ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍታል። ሰውየው «ፈተና» የሚለውን ሁለት ጊዜ ይጫናል፣ ፈተናው ይከፈትለታል፣ ምንም አይጠረጥርም። ያን ጊዜ ስክሪፕቱ ራሱን ሐርድ ዲስኩ ላይ ገልብጧል፤ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ ተመዝግቧል፤ ቀጣዩን ፍላሽ ይጠብቃል። ከዚህ ሁሉ እርምጃ ኢንተርኔት የሚጠይቅ አንድም የለም።

የሚያጋልጡት ሁለት ትናንሽ ነገሮች ናቸው። በምስሉ ግርጌ በግራ በኩል ጠመዝማዛ ቀስት አለች። ዕይታውን ወደ ዝርዝር ሲቀይሩት ደግሞ ዓይነቱ «ፎልደር» ሳይሆን «ሾርትከት» ይላል፤ መጠኑም አንድ ወይም ሁለት ኪሎባይት ነው። ሌላው የፍላሽ ቫይረስ ዘር ሾርትከት አያስፈልገውም፤ ራሱ ፕሮግራም ሆኖ የፎልደር ሥዕል ይለብሳል። ዊንዶውስ የፋይልን ኤክስቴንሽን ስለሚደብቅ «ፈተና» ብቻ ሆኖ ይታያል፤ መደበቂያው ቢነሣ «ፈተና ዶት ኢኤክስኢ» ተብሎ ይነበብ ነበር። ማይክሮሶፍት ይህን መሸፋፈን ለምን እስከ ዛሬ እንዳቆየው እኔ አይገባኝም። በፎልደር ማስተካከያው ውስጥ ሦስት ምርጫ መቀየር፣ ማለትም ኤክስቴንሽን እንዲታይ፣ የተደበቀ እንዲገለጥና «የሲስተም» የተባለው እንዳይሰወር ማድረግ፣ ገንዘብ ከፍለው ካስጫኑት ብዙ አንቲቫይረስ ይሻላል።

መምህሩ ቤቱ ሲመለስ ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ይሰካል። ማታ ልጁ ከጓደኛው ያመጣውን የፊልም ፍላሽ እዚያው ይሰካል፤ ጠዋት ፍላሹ ወደ ጓደኛው ይመለሳል። መምህሩ ውጤት ለማስመዝገብ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ የጸሐፊዋም ኮምፒውተር ተራው ደረሰ። ከወረታ እስከ ንፋስ መውጫ ያለው አውቶቡስ ሁሉ በተሳፋሪ ኪስ የሚጭነው ይህንን ነው። መስመር ቢኖር ፈተናው በቴሌግራም ተልኮ ይታተም ነበር፤ ፍላሹም ከመሳቢያ አይወጣም ነበር። መስመሩ ሲዘጋ የሰው ፋይል መንቀሳቀሱን አላቆመም። የነበረው መንገድ በሙሉ ወደ ፍላሽ ዞረ እንጂ።

«አንቲቫይረስ አለኝ» የሚለው መልስ ይመጣል። በእኛ ከተማ ይህ ብዙ ጊዜ «ስማዳቭ አለኝ» ማለት ነው። ስማዳቭ የኢንዶኔዥያ ሥራ ነው፤ ለፍላሽ ቫይረስ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ይጠቅማል። ነገር ግን ሠሪዎቹ ራሳቸው ከዋናው አንቲቫይረስ ጎን እንደ ሁለተኛ ጠባቂ እንዲሠራ እንጂ ብቻውን ቤት እንዲጠብቅ አላሉም። ዊንዶውስ 10 ራሱ ዲፌንደር የሚባል ጠባቂ ይዞ ይመጣል። ሁሉም የሚሠሩት በዋናነት የታወቁ ቫይረሶችን ዝርዝር ይዘው ነው፤ ዝርዝሩ ካልታደሰ የአምናውን ሌባ ብቻ ነው የሚያውቁት። ዝርዝሩ የሚታደሰው ደግሞ በኢንተርኔት ነው። መስመር የሌለው ኮምፒውተር የዘብ ልብስ የለበሰ፣ የአዲሱን ሌባ መልክ የማያውቅ ዘበኛ አለው ማለት ነው። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን ማደሻ ለብቻው እንደ ፋይል ያወጣዋል፤ መስመር ወዳለበት የሄደ ሰው አውርዶ ሊያመጣው ይችላል። ያመጣ ሰው ግን አላየሁም።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደው ክራኩ ነው። ዊንዶውሱንም ኦፊሱንም «አክቲቬት» የሚያደርገው ትንሽ ፕሮግራም የሚሰጠውን መመሪያ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያው ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «አንቲቫይረሱን አጥፋ»። ሰውም ያጠፋል። ምንጩ የማይታወቅ ፕሮግራም በሙሉ ሥልጣን ያስነሣል፤ ቀጥሎም አክቲቬሽኑ እንዳይወድቅ ብሎ የዊንዶውስን ማደሻ ይዘጋል። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያናውጥ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማደሻ ከወጣ ሁለት ወር አልፎት ነበር። የተመታው ያላደሰው ነው።

ኮምፒውተሩ መንቀርፈፍ ሲጀምር ባለሙያው የሚያዘው መድኃኒት ይታወቃል፤ ፎርማት። የሲ ክፍሉ ይጠረጋል፤ የዲ ክፍሉ «ዳታ አለበት» ተብሎ ይተዋል፤ ያው ክራክ ይጫናል። ባለቤቱ ቤቱ ገብቶ መጀመሪያ የሚሰካው ያችኑ ፍላሽ ነው።

«ከባዱ ጥቃት ግን የሚመጣው በኢንተርኔት ነው» ለሚሉኝ፤ አዎ፣ ይመጣል። በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. በውጭ አገር ለነበሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች በስካይፕ የስለላ ፕሮግራም እንደተላከባቸው ሲቲዝን ላብ የተባለው የቶሮንቶ የምርምር ቡድን በቀጣዩ የካቲት አጋልጧል። ነገር ግን የማታለያውን ዘዴ ተመልከቱ፤ ሰነድ የሚመስል ፋይል፣ ውስጡ ፕሮግራም። የመምህራችን «ፈተና» አይደለምን? በየዓመቱ በጥቅምት የሳይበር ደህንነት ወር ሲከበር የሚበዛው ምክር ስለ ይለፍ ቃልና ስለማይታወቅ ሊንክ ነው። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ አዲስ አበባ ላለ የባንክ ሠራተኛ የተቆረጠ ልብስ ነው። ለፋርጣ ገበሬ ልጅ፣ ኢሜይል ሳይኖረው ሦስት ፍላሽ ለሚይዘው፣ ምን ይነግረዋል?

ቤት ላለ ኮምፒውተር የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው። የዕለት ሥራ የሚሠራበት አካውንት የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሌለው ይሁን፤ ያኔ ቫይረሱ ቢገባም ሲስተሙን ለመንካት የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ዋናው ሰነድ ሁልጊዜ ባልተሰካ ሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ ይኑረው። ለማሳተም ሲወጡ ደግሞ ከስልክ ሜሞሪ ጋር የሚመጣውን ማቀፊያ አስታውሱ፤ በጎኑ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ወደታች ሲገፏት፣ አብዛኛው ማንበቢያ ከሜሞሪው ያነብባል እንጂ አይጽፍበትም። ፎቶ ኮፒ ቤቷ ማንበቢያ ካላት መምህሩ ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል።

ትልቁ ሥራ ግን ያለው በፎቶ ኮፒ ቤቷ ውስጥ እንጂ በመምህሩ ቤት አይደለም። የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በዊንዶውስ ምትክ ኡቡንቱ የተባለው ሲስተም ይጫን፤ ኡቡንቱ ነጻ ነው፣ ክራክ አይፈልግም፣ ለዊንዶውስ የተጻፈ ስክሪፕት ሾርትከት ቢጫኑም አይነሣበትም። የደንበኛ ፍላሽ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይሰካ፤ የተደበቀው ይገለጥ፣ ሾርትከቱ ይሰረዝ፣ ከዚያ ይታተም። ንግድ ቢሮው ፈቃድ ሲያድስ ይህን ቢፈትሽ፣ የሾርትከት ቫይረስ ከደቡብ ጎንደር ለመጥፋት አንድ ዓመት አይፈጅበትም።