ኤኔያስን በዕድል አናመካኝለት

«ምን ያድርግ? የታዘዘበት ነው!» የቨርጂልን ኤኔይድ አንብቦ ለኤኔያስ ጥብቅና የሚቆም ሁሉ የሚመዝዛት ምክንያት ይህቺው ናት። ትሮይ ነዳለች፣ አማልክቱ ኢጣልያ ግባ ብለውታል፤ ስለዚህ የካርቴጅን ንግሥት ዲዶን ጥሎ መርከቡን ቢያስነሳ አይወቀስም፣ ይሉናል። እኛ አልተዋጠልንም። ምስክራችንም ራሱ ቨርጂል ነው።

በኛ አማርኛ «ዕድል» የሎተሪውንም የፈጣሪንም ሥራ ትሸከማለች። ሮማውያን ግን (ሁልጊዜ በጥንቃቄ ባይለዩአቸውም) ሁለት ቃል ነበራቸው፤ «ፋቱም» ማለትም አንዴ የተነገረ፣ የማይታጠፍ፤ እና «ፎርቱና»፣ ያቺ ተገለባባጯ። እንግዲህ በአራተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ቨርጂል ስለ ዲዶ ሞት ምን ይለናል? በፋቱም አልሞተችም፣ ሞት የሚገባት ሆናም አይደለም፣ ያለ ጊዜዋ ነው። ገጣሚው ራሱ! ኤኔያስ ኢጣልያ መድረሱ የተቆረጠ ነገር ነው። የሷ ሬሳ ግን የጉዞው ታሪፍ ሆኖ የትም አልተቆረጠም።

ጁኖም በሰባተኛው መጽሐፍ ይህንኑ ታውቃለች። ሰውዬውን ማስቀረት አትችልም፤ ማዘግየትና የሁለቱን ሕዝብ ደም ማፍሰስ ግን ትችላለች። አደረገችውም።

መጨረሻዋን ገጽ ደግሞ ተመልከቱ። ቱርኑስ ቆስሎ ወድቋል፤ መሸነፉን አምኗል፣ ላቪንያንም ለቆለታል። ኤኔያስ እጁን ገታ አድርጎ ያመነታል። ድንገት ቱርኑስ ከገደለው ከወጣቱ ፓላስ ላይ የገፈፈውን መታጠቂያ ትከሻው ላይ ሲያይ በንዴት ይወጋዋል። ግጥሙ እዚያው ያበቃል። «ጁፒተር የቱርኑስ ቀን መድረሱን ቀድሞ ተናግሮ የለም ወይ?» የሚለን አይጠፋም። ተናግሯል። ነገር ግን ኤኔያስ ሰይፉን ሲሰነዝር የጠራው ፋቱምን ሳይሆን ፓላስን ነው።

ሉካንን የምንወደውም ለዚህ ነው። ስለ ቄሣርና ፖምፔ ጦርነት ሲጽፍ እነጁፒተርን ከመድረኩ አወረዳቸው። የሱ ቄሣር ሩቢኮንን ተሻግሮ ሕግን ሲጥስ የምከተለው ፎርቱናን ነው ብሎ ያውጃል፤ ሰበቡን ሳያፍር። ይህ የተጻፈው ደግሞ የቄሣሮቹ ወራሽ ኔሮ በነገሠበት ዘመን ነው። ሉካን በኔሮ ላይ በተጠነሰሰ ሤራ ገብቶ ተገኘና በ65 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ራሱን እንዲገድል ታዘዘ። ገና 25 ዓመቱ ነበር፤ ግጥሙም ዐሥረኛው መጽሐፍ ላይ ተቋርጦ ቀረ።