ካሜራዋ ስታኮርፍ

ከውጭ የመጣ ዘመድ ሲመለስ ትቶልን ከሚሄደው ዕቃ መካከል ሽቶው ያልቃል፣ ጫማው ለልጅ ይጠባል፣ ካሜራው ግን ቁም ሳጥን አናት ላይ ወጥቶ ዓመት በዓል ይጠብቃል። በዓሉ ደርሶ ሲወርድ ወይ አይበራም፣ ወይ «ቀን ሙሉ» ይላል፣ ወይ ስክሪኑ ጨልሞ ይቀራል። «ተበላሽቷል» ይባልና ተመልሶ ይወጣል። እኛ ቤት ያለችው ካሜራ ቨርጂኒያ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ሲገለገልባት ቆይቶ ለእኔ የተዋት ናት። እኔ ዘንድ ከመጣች ስድስት ዓመት አለፋት። የፋብሪካዋን ስም አልጠራም፤ የእሷ ጠባይ የእህቶቿም ጠባይ ነውና። አብሬያት ስኖር እንዳየሁት፣ ብዙ ጊዜ «ተበላሸች» የምንላት ስታኮርፍ ነው። ኩርፊያዋን ያወቀ ሰው ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል።

እነዚህ ካሜራዎች ሚረርለስ ይባላሉ፤ መስታወት አልባ እንደማለት ነው። ድሮ በየሠርጉ የምናያቸው ትልልቆቹ ካሜራዎች ሆዳቸው ውስጥ መስታወት አለ። በሌንሱ የገባውን ብርሃን ወደ ዓይናችን የሚልከው እሱ ነው፤ ፎቶ ሲነሳ የሚሰማውም «ቀጭ» ባብዛኛው የእሱ መነሳትና መውደቅ ነው። ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2008 ሉሚክስ ጂ1 የተባለችውን ካሜራ ሲያወጣ መስታወቱን ጨርሶ ተወው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ካሜራው ቀለለ፣ ቀጠነ። ታዲያ መስታወቱ ሲቀር የምናየውን ሁሉ የሚያሳየን ኤሌክትሪክ ሆነ። ሌንሱ ሲወልቅ ደግሞ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ባብዛኞቹ ላይ ፊቱን ሳይሸፍን ይቀራል። የካሜራዋ አመል ባመዛኙ ከእነዚህ ከሁለቱ ነው የሚመጣው።

ከባትሪው ልጀምር። ባለመስታወቱ ኒኮን ዲ3500 በአንድ ሙሉ ባትሪ 1,550 ያህል ፎቶ እንደሚያነሳ አምራቹ ጽፎበታል። መስታወት አልባዋ ሶኒ ኤ6000 በዚያው መለኪያ 360 ገደማ ናት። ስለዚህ ጠዋት ለክርስትና ሞልታችሁት የወጣችሁት ባትሪ ዳቦው ሳይቆረስ ቢያልቅ አትደንግጡ፤ ባትሪው ላያረጅም ይችላል። ካሜራዋ ፎቶ ባታነሱባትም እንኳ በርታ እስከተቀመጠች ድረስ ትበላለች። ሁለት ባትሪ መያዝና በየመሃሉ ማጥፋት ነው መድኃኒቱ። ሁለተኛውን ስትገዙ ግን ስም የለሹንና እጅግ ርካሹን ተዉት፤ እንዲህ ያለው ቶሎ ያብጣል። አብጦ ማስቀመጫው ውስጥ የተቀረቀረ ባትሪ በቢላዋ ሊያወጣ የሚታገል ሰው አይቻለሁ። የሊቲየም ባትሪ ከተበሳ እሳት ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም።

የጨለመው ስክሪን ጉዳይ ደግሞ አለ። ከዓይን መመልከቻው ሥር ወይም ጎን ጥፍር የምታክል ጥቁር መስኮት አለች። ሰው ዓይኑን ሲያስጠጋ ካሜራው የሚያውቀው በእሷ ነው። ዓይን መጣ ብሎ ሲያስብ የኋላውን ስክሪን ያጠፋና ምስሉን ወደ መመልከቻው ይወስደዋል። የአንገቱ ማንጠልጠያ ቢሸፍናት፣ ጣት ቢያርፍባት፣ በበዓል ቀን ዶሮ ወጥ የነካ እጅ ቢዳስሳት፣ ያው ዓይን መጣ ትላለች። ጎረቤቴ ካሜራዋን ይዛ አንድ ሱቅ ሄዳ «ስክሪኑ ተቃጥሏል፣ መቀየር አለበት» ተብላ ዋጋ ተጠርቶላት መጣች። እንደ ወር ቤት ኪራይ ያለ ዋጋ ነው። ቡና እየጠጣን ደረቅ የመነጽር ጨርቅ አሳለፍንባት። በራች። ሱቁ የት እንደሆነ ጎረቤቴ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለችና እኔ አልደግመውም።

አቧራው ግን እውነተኛ ጣጣ ነው። አክስቴ የጥምቀትን ፎቶ እያየች ታቦቱ በሚያልፍበት በኩል ሰማዩ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ «ርግብ ናት፣ በረከት ነው» ብላ አጨበጨበች። ርግቧ በሚቀጥለውም ፎቶ ላይ እዚያው ነበረች። በፋሲካውም፣ በልጅ ልጄ ልደትም፣ በዚያችው ማዕዘን። አቧራው ያረፈው ሴንሰሩ ፊት ያለው መስታወት ላይ ነውና ካሜራዋ የሄደችበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ለማረጋገጥ የሌንሱን ቀዳዳ የሚያመለክተውን ኤፍ የሚለውን ቁጥር ወደ 16 አድርሱና ነጭ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሱ፤ ጉዱ ይወጣል።

ሲጸዳም በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ሜኑው ውስጥ ሴንሰር ማጽጃ የሚል ትእዛዝ ካለ ተጠቀሙበት፤ ሴንሰሩን ያንቀጠቅጠውና አንዳንዱ አቧራ ይረግፋል። እምቢ ካለ ሌንሱን አውልቃችሁ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ደፍታችሁ በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ እፍ ማለት ነው። በአፍ አይነፋም፤ ምራቅ ይዘላል። በሸሚዝ ጫፍ፣ በነጠላ፣ በጥጥ አይነካም። በዚህም ካልለቀቀ፣ እዚህ ላይ ለባለሙያ የሚከፈል ገንዘብ አይቆጭም። ከሁሉ የሚሻለው አለማስገባቱ ነው፤ ሌንስ የምትቀይሩት ቤት ውስጥ፣ ካሜራው ጠፍቶ፣ አፉ ተደፍቶ፣ ቶሎ ብላችሁ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ካኖን ኢኦስ አር ሲጠፋ መከለያውን ይዘጋል፤ ያ መከለያ ግን ስስ ነውና ጣት አይቅረበው።

ቀን ሙሉ የምትለው ሆዷ ውስጥ ያለች ትንሽ ባትሪ ስላለቀች ነው። ለወራት ቁም ሳጥን ላይ የከረመች ካሜራ ሰዓቷን ትረሳለች። የተሞላ ባትሪ ከታችሁ አጥፍታችሁ አንድ ቀን ሙሉ ተዉአት፤ የውስጧ ባትሪ ከትልቁ ትጠባለች። እዚህ ላይ አማቴ ያደረጉትን ልንገራችሁ። «የራሳችን ዘመን እያለን» ብለው በእኛ አቆጣጠር ሞሉት። ጳጉሜን ላይ ሲደርሱ ካሜራው አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም አለ። ፎቶዎቹ ላፕቶፕ ላይ ሲገለበጡ ደግሞ ከስልኮቹ ፎቶ ጋር በቀን ተደረደሩና የልጅ ልጃቸው ከመወለዷ ከዓመታት በፊት ስትድህ ተገኘች። ካሜራው ላይ በፈረንጅ ሙሉት፤ በእኛ የሚጻፈው ፎቶው የሚቀመጥበት ፎልደር ስም ላይ ነው።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ።

በእኛ አገር ለቅሶ ቤት የሚቀመጠውን ፎቶ ታውቁታላችሁ። ሰው ካረፈ በኋላ ይፈለግና ሲታጣ ከቀበሌ መታወቂያ ላይ ተነስቶ ይጎላል፤ ሰማንያ ዓመት የኖረ ሰው ማኅተም ያረፈበት ግንባር ይዞ ለቀስተኛ ይቀበላል። እናቴ 84 ዓመቷ ነው። አምና ከጓደኛዋ ለቅሶ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ «አንቺ ልጅ፣ እኔን እንደዚያ ከቆጥ እንደወረደች ዶሮ አስደንግጣችሁ እንዳታስቀምጡኝ። ደህና አድርገሽ አንሺኝ» አለችኝ።

ቀን ቆረጥን። ጥልፍ ቀሚሷን ለበሰች፣ ፀጉሯን ተሠራች፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ካሜራዋን ሳበራ ሌንሱ ግማሽ ድረስ ወጥቶ ቆመ፤ ስክሪኑ ላይ ሌንሱን አላወቅሁትም የሚል ጽሑፍ መጣ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ባትሪውን አውጥቼ መለስኩ። ሌንሱን አውልቄ ወርቃማዎቹን መገናኛዎች በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁ፤ ብዙ ጊዜ ይህን መልእክት የሚያጠፋው እሱ ነው። የዚያን ቀን እምቢ አለ። እናቴ አንድ ሰዓት ያህል ቀጥ ብላ ከተቀመጠች በኋላ «ተያት፣ ጉልበቷ ነው» ብላ ተነሳች።

ልጄ ካቻቢቴ ይዞ ሊፈታት ተነስቶ ነበር፤ ከለከልኩት። ፍላሽ ያለው ካሜራ ውስጥ መቶዎች ቮልት የሚይዝ ዕቃ አለ፤ ባትሪው ከወጣም በኋላ ቶሎ አይለቅም። ቀልድ የሚያውቅ ነገር አይደለም። ይዤ ወደ ጠጋኙ ሄድኩ። ፒያሳ ሳይፈርስ እዚያ ነበር የሚሠራው፤ አሁን አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ጥግ ይዟል። ሌንሱን ብቻ ከፍቶ አሳየኝ። ሌንሱ በወጣና በገባ ቁጥር የሚታጠፍ፣ ከወረቀት የማይወፍር ሪባን የሚሉት ሽቦ አለ፤ መታጠፊያው ላይ ተሰንጥቋል። «ማዘር፣ እቀይርልዎት ነበር» አለኝ፣ «ግን ዕቃው እስኪመጣ፣ የእጅም ተጨምሮ፣ ያገለገለ ሌላ ሌንስ ይገዛልዎታል።» አትጠግኑ የሚል ጠጋኝ ስታገኙ ስልኩን ያዙ።

ሌላ ሌንስ ለመግዛት ገንዘቡ በእጄ አልነበረም። ቦርሳዬን ሳነሳ፣ «ቤት ውስጥ የድሮ የፊልም ካሜራ የለም?» አለኝ። አለ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሄዶ ከሞስኮ ይዞት የመጣው ዜኒት የእናቴ ሣጥን ውስጥ በቆዳ ማኅደሩ ነው ያለው። ሌንሱ ሄሊዮስ 44 ይባላል፣ 58 ሚሊሜትር፣ እንደ ብልቃጥ ክዳን እየዞረ የሚገባ። መስታወቱ ስለቀረ ካሜራዋ ቀጭን ናት ብዬ የለ? በዚያ ቅጥነት ምክንያት በእሷና በድሮ ሌንስ መካከል የብረት ቀለበት የሚገባበት ቦታ ይተርፋል። ቀለበቱ ኤሌክትሪክ የለው፣ መስታወት የለው፤ ቀለበት ነው። ጠጋኙ ዘንድ ስላልነበረ ወንድሜ በሰው እጅ ሊልክልኝ ተስማማ።

አምስት ሳምንት ፈጀ። በዚያ መሃል እናቴ በሳንባ ምች ተኛች። ሆስፒታል ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የማስበው ያንን ያላነሳሁትን ፎቶ ነበር። አልጋዋ ላይ ሆና ስልክ አውጥተው ሊያነሷት የመጡ የእህቶቼን ልጆች «እንደዚህ ሆኜ? ውጡልኝ» አለቻቸው። በዚያው ሰሞን ጠጋኙ የአባቴን ሌንስ አጸዳው። ጠርዙ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ በቅሎበት ነበር፤ ቆዳ ማኅደር እርጥበት ይይዛል። የእናንተንም ክረምት ሳይገባ ከቆዳው አውጡና በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር አስቀምጡ። ከረጢቱን ግን ሕፃናት እንዳይበሉት።

እናቴ ተሻላት፣ ከሳች፣ ቀሚሱም ሰፋት። ቀለበቱ መጣ። ካሜራዋ ባዕድ ሌንስ ሲገባላት ምንም እንዳልገባላት ነው የምትቆጥረው፤ ሜኑው ውስጥ ያለ ሌንስም ቢሆን አንሺ የሚለውን መፍቀድ ያስፈልጋል። ጥራቱን በእጅ ነው የሚያዞሩት፤ ደግነቱ የጠራው ቦታ ጠርዙ በቀለም እንዲበራ ማድረግ ይቻላል። የነጠላዋ ጥለት በቀይ በራ፣ ከዚያ ቀዩ ወደ ሽፋሽፍቷ ወጣ። እናቴ ካሜራዋን ትኩር ብላ አየችና «የአባትሽ ነው አይደል?» አለች። አዎ አልኳት። ነጠላዋን አስተካከለች። አምስተኛውን ሳነሳ «አታባክኚ፣ ሠላሳ ስድስት ብቻ ነው» አለች፤ በፊልም ዘመን እንደነበረው። አላረምኳትም። ጥሩው ሰባተኛው ነው።

ማታውኑ ላፕቶፕ ላይ ገለበጥኩት፣ ሌላ ቅጂ እህቴ ቤት ባለው ሃርድ ዲስክ አኖርኩ፤ እስከዚያ ድረስ ከሚሞሪው አላጠፋሁም። ስለ ሚሞሪ ካነሳን፣ ገበያ ላይ 128 ተብሎ ተጽፎበት ሆዱ የዚያን ሩብ እንኳ የማይሆን አለ። ሲሞላ ዝም ብሎ ይቀበላል፣ ሲከፈት ግን ፎቶው የለም። አዲስ ሚሞሪ ከድግሱ በፊት እስከ አፉ ሙሉትና የመጨረሻዎቹ መከፈታቸውን እዩ። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩም በፋይል መልክ ላኩት፤ እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ያሳንሰዋል፣ ሲታተም ይደበዝዛል።

ፎቶ ቤት ሁለት አሳተምኩ። እናቴ አንዱን በሻሽ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ከመግነዟ ጎን አስቀመጠችው፤ ሁለተኛውን ለእኔ ሰጠችኝ፣ እንዳልሰቅለው አስጠንቅቃ። ወንድሜ ግን በፋይል የላክሁለትን እዚያው ቨርጂኒያ አሳትሞ በትልቅ ፍሬም ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለውና በቪዲዮ ሲደውል ከኋላው አየችው።

«አንተ፣» አለችው፣ «ገና ሳልሞት ማን ስቀል አለህ?»

እሱም አላወረደውም። አሁን በደወለ ቁጥር መጀመሪያ የምታየው ፎቶው ቀጥ ብሎ መሰቀሉን ነው።