ደርሼ መጣሁ

አማርኛችን አንድ ደፋር አነጋገር አለው። ሰውየው ገና ከደጃፍ ሳይወጣ «ደርሼ መጣሁ» ይላል። «እመጣለሁ» አላለም፤ «መጣሁ» ነው ያለው። መንገዱን ሳይጀምር ጨርሶታል። ቱነይድባ በነበርኩበት ጊዜ ይህን ቃል ከሞተር ላይ ሲወረወር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ግን እኔም ከኋላ ተፈናጥጬ ነበር።

ቱነይድባ በ2013 ዓ.ም. ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ጦርነት ሸሽተው ሱዳን ለገቡ ኢትዮጵያውያን የተከፈተ መጠለያ ነው። ከገዳሪፍ ከተማ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ዙሪያው የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ነው፤ መሬቱ ዋልካ። በበጋ ተሰነጣጥቆ ጎማ ይይዛል፣ በክረምት እንደ ሳሙና ያሟልጫል።

ያን ቀን ሐምሌ ነበር። ቡና ተፈልቶ ስኳር አለቀ። ጓደኛዬ ከአንድ ሱዳናዊ ወዳጁ ሞተር ተዋሰ።

«ኧረ ሊመሽ ነው ልጆቼ!» አሉ ቡና አፍዪዋ።

«ደርሰን መጣን እማማ!»

ሄልሜቱ መሪው ላይ ተንጠልጥሏል። እዚሁ ለሆነ መንገድ ማን ያጠልቃል? ያውም በዚያ ወበቅ!

ስኳሩን ገዝተን ስንመለስ ለዓይን ያዝ አድርጓል። ከአስፋልቱ ወደ መጠለያው የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ትራክተሮች ከእርሻ ይዘውት የመጡት ጭቃ ተለጥፏል። ከፊታችን መብራት የሌለው ካሮ፣ ሱዳኖች የአህያ ጋሪን የሚሉት ነው፣ ድንገት ብቅ አለ። ጓደኛዬ የኋላውን ፍሬን ረገጠ፤ ጎማው ከድቶን ሄደ። ሯጭ በሚቀድመው ፍጥነት ወደቅን። እኔ ክርኔ ተላጠ፣ የእሱ ግንባር ተሰፋ። ሄልሜቱ ቦይ ውስጥ ተንከባሎ ተገኘ፤ አንድ ጭረት እንኳ አልነበረበትም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሞተር አደጋ ስናወራ የምንፈራው ሌላ፣ የሚጥለን ሌላ መሆኑን አስተውያለሁ። የምንፈራው ረጅሙን መንገድ፣ እኩለ ሌሊቱን፣ እንደ ጥይት የሚበረውን ወጣት ነው። የሚጥለን ግን የሰፈራችን አፍ ነው።

ሃሪ ኸርት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን ከባልደረቦቹ ጋር ቦታው ድረስ እየሄደ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1981 ውጤቱን አሳትሟል። አብዛኛው አደጋ የደረሰው በአጭር ጉዞ ላይ፣ ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ ነበር። ከሞተረኞቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አደጋው ሊደርስ ሲል ፍጥነታቸው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም ነበር። ሦስት አራተኛው ገደማ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የተደረገ ግጭት ሲሆን፣ ከእነዚህም በሁለት ሦስተኛው ቅድሚያ የነጠቀው ባለመኪናው ነው። ቃሉም ያው የምናውቀው ነው፦ «አላየሁትም»።

ይህ ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። ሞተር ከፊት ሲታይ ቀጭን ነው፤ ዓይን ደግሞ ትንሽ ነገር ገና ሩቅ እንዳለ አድርጎ ይገምታል። ሾፌሩ «እቀድመዋለሁ» ብሎ ይታጠፋል። የሎስ አንጀለሱን መኪና በትራክተር ተኩት፣ የመንገድ መገናኛውን በእርሻ መግቢያ፤ ነገሩ ያው ነው።

ጊዜውም ቢሆን አታላይ ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2017 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። መተማ ላይ 12 ሰዓት ሲሆን ድንበሩን ተሻግሮ ገላባት ላይ 11 ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ግን ለሁለቱም እኩል ትጠልቃለች። በአገር ቤት ልማድ ስልኩን አይቶ «ገና ነው» የሚል ሰው ጨለማ መንገድ ላይ ያገኘዋል። በዚያች ሰዓት ደግሞ ሁሉም ወደ ቤቱ ነው፦ ከብቱ፣ ካሮው፣ ውኃ የተሸከመው፣ ከእርሻ የሚመለሰው። ጨለማው ገና ስላልጠነከረ መብራት ያበራው ጥቂት ነው።

በደርሼ መጣሁ የሞተው ስመ ጥሩ ሰው ቶማስ ኤድዋርድ ሎረንስ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከዓረቦች ጋር ቱርክን የተዋጋው እንግሊዛዊ። ከዚያ ሁሉ በረሃና ጥይት ተርፎ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ከቤቱ ቅርብ ወደሆነ ወታደራዊ ሰፈር ሄዶ ቴሌግራም ላከ። ሲመለስ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲሸሽ ከሞተሩ ተወረወረ። ሄልሜት አላደረገም ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ በ46 ዓመቱ ዐረፈ።

ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ሂው ኬርንስ ነበር። ኬርንስ ነገሩን በዋዛ አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ1941 ስለ ሞተረኞች የጭንቅላት ጉዳት ጽፎ ሄልሜት ነፍስ እንደሚያድን አሳየ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞቹ ሄልሜት እንዲያደርጉ አስገደደ። በኋላ ከልዩ ልዩ አገራት 61 ጥናቶችን ያገናዘበ ግምገማ፣ ሄልሜት የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላትን ጉዳት በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ደምድሟል።

እንግዲህ የእኔ ምክር ለሩቅ ተጓዥ አይደለም፤ እሱማ አስቀድሞ ይጠነቀቃል። ምክሬ ስኳር ሊገዛ ለሚወጣው ነው። ሄልሜቱ ከመሪው ላይ ይውረድ፤ የአገጩም ማሰሪያ ይጥበቅ፣ ያልታሰረ ሄልሜት ከባለቤቱ ቀድሞ ይበራል። መብራቱ በቀንም ይብራ። ጥርጊያው ከአስፋልት የሚገናኝበት ላይ ሳይደርሱ ፍጥነት ይቀነስ፤ ጭቃው ላይ ገብቶ ፍሬን መያዝ ዘግይቷል። ጠንካራ መንገድ ላይ ሞተርን በይበልጥ የሚያቆመው የፊቱ ፍሬን ነው፤ ቀስ እያሉ አጥብቆ መያዝን ባዶ ሜዳ ላይ መለማመድ ይገባል። የተፈናጠጠች ሴትም ነጠላዋን ወይም የሱዳን ሴቶች የሚጎናጸፉትን ቶብ ትሰብስብ፤ የሰንሰለቱ ጥርስ ዘርፍ ይወዳል።

ጓደኛዬ ግንባሩ ከዳነ በኋላ ያንኑ ሞተር ተውሶ ውኃ ሊቀዳ ሲወጣ አየሁት። የውኃው ቦታ ከድንኳኑ ይታያል። ሄልሜቱን አጥልቆ ማሰሪያውን ሲያጠብቅ ልጆቹ ሳቁበት።

«ለዚህች ለዚህ?»

ጠባሳውን በጣቱ ነካ አደረገና፣ «ለዚህችው ነው» አለ።