ያለቀው ሥራ ለሚመጣው ስንቅ ይሁን

በአርባ ምንጭ ከሴቻ ቁልቁል ወደ ሲቀላ የሚወርድ ሰው የመሥሪያ ቤት ሰሌዳ እየበዛ መሄዱን ሳይታዘብ አይቀርም። ምክንያቱም የታወቀ ነው። በ2011 ዓ.ም. የቀድሞው የጋሞ ጎፋ ዞን ለሁለት ተከፍሎ የጋሞ ዞን ለብቻው ቆመ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት አርባ ምንጭ ከክልሉ ማዕከሎች አንዷ ሆነች። አዲስ መሥሪያ ቤት በተከፈተ ቁጥር የሒሳብ፣ የደመወዝ፣ የዕቃ ግምጃ ቤትና የሠራተኛ መዝገብ ያስፈልጋል። በዛሬው ዘመን ይህ መዝገብ በኮምፒዩተር የሚያዝ ስለ ሆነ፣ ሶፍትዌሩን አስገብቶ ሥራ ማስጀመር ራሱን የቻለ ትልቅ ፕሮጀክት ሆኗል።

ዛሬ ለውድ አንባቢዎቻችን፣ ይልቁንም ለተማሪዎችና ሥራ ለጀመሩ ወጣት ባለሥልጣኖች ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ከዚህ የተያያዘ ነው። ይኸውም አንዱ መሥሪያ ቤት ትናንት ደክሞ የጨረሰውን ሥራ ሌላው ዛሬ ስለምን ከባዶ ወረቀት ይጀምረዋል? የሚለው ጥያቄ ነው።

ሶፍትዌር ማስገባት ሲባል ብዙ ሰው ኮምፒዩተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማብሪያውን መጫን ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አስቀድሞ የሒሳብ መደቦች ይዘረዘራሉ፤ ማን ምን ለማየት፣ ማን ምን ለማጽደቅ ሥልጣን እንዳለው ይወሰናል፤ የቆየው መዝገብ ተጣርቶ ወደ አዲሱ ይዛወራል፤ ሠራተኛው ይሠለጥናል፤ ከዚያም አሮጌውና አዲሱ ለጥቂት ጊዜ ጎን ለጎን እየተሠራባቸው ውጤታቸው ይመሳከራል። አሮጌው የሚዘጋው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል በጨንቻም ሆነ በአርባ ምንጭ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር በብዙው አንድ ነው። እንግዲህ የተፈጸመውን ፕሮጀክት የሥራ ዝርዝር፣ ቅጹንና መመዘኛውን ለሚቀጥለው እንዲያገለግል አሰናድቶ ማስቀመጥን ባለሙያዎቹ ቴምፕሌት ማዘጋጀት ይሉታል። እኛ አብነት እንበለው።

ስለ አብነት ስንናገር ግን አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት እንናዘዝ። ተማሪ ሳለን ለተግባር ልምምድ በአንድ የደጋ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተመድበን ነበር። የሥራውን እቅድ እንድናዘጋጅ ብንታዘዝ፣ ከቆላ ወረዳ የመጣ ያለቀ እቅድ አግኝተን ስሙን ብቻ ለውጠን አቀረብነው። በ3ኛው ገጽ ላይ የዚያው የቆላው ወረዳ ስም ሳይነሣ ቀርቶ ኖሮ በስብሰባው ላይ ተሳቀብን። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሥልጠናው በገበያ ቀን ስለ ዋለ ከተጠሩት ሠራተኞች የመጡት ጥቂቶች ሆኑ። በቆላው ጽሕፈት ቤት ደመወዝ የሚያዘጋጀውና የሚያጸድቀው ሁለት ልዩ ልዩ ሰዎች ሲሆኑ፣ በዚህኛው ግን አንዱ ቦታ ሰው አልተመደበበትም ነበርና መዝገቡ የሌለ ሰው ፈቃድ እየጠየቀ ቆመ። በመጨረሻም ደመወዙ በእጅ ተጽፎ ዘግይቶ ተከፈለ። አንድ አዛውንት ዘበኛ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ደመወዝ ወጣ ወይ እያሉ ሲጠይቁ የሰማነው እስከ ዛሬ ከጆሮአችን አልወጣም።

ከዚህ የተማርነው መገልበጥና አብነት መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ገልባጭ የሌላውን መልስ ይወስዳል፤ አብነት የሚይዝ ግን ጥያቄውን ይወስዳል። የቆላውን የሥልጠና ቀን እንዳለ መውሰድ መገልበጥ ነው። በዚያ ፋንታ፣ ገበያው የሚውለው በየትኛው ቀን ነው? መብራት ቢጠፋ ሥራው በምን ይቀጥላል? ደመወዝ የሚያጸድቀው ማን ነው፣ እርሱስ በሌለ ጊዜ ማን ይተካዋል? የሚሉትን ጥያቄዎች በዝርዝሩ ላይ አስፍሮ ባዶ ቦታ መተው ደግሞ አብነት ነው። ባዶ ቦታው ሳይሞላ ሥራው አይጀመርም ቢባል ኖሮ፣ እኛም ባላፈርን፣ ዘበኛውም ባልተቸገሩ ነበር።

ይህ ለአገራችን ፈጽሞ አዲስ ነገር አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረውና የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የረዱት የበጀትና የሒሳብ አያያዝ ማሻሻያ በ1990ዎቹ በፌዴራልና በክልሎች ሲዘረጋ፣ የያኔው የደቡብ ክልል ቀድመው ከገቡበት አንዱ ነበር። የማሻሻያው ጉልበት ከማሽኑ ይልቅ በአብነቱ ላይ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። የሒሳብ መደቦች መለያ ቁጥር አንድ ወጥ ሆኖ ስለ ተሠራ፣ የወረዳው ሒሳብ ከዞኑ፣ የዞኑም ከክልሉ ጋር ሊደመር ቻለ። አይቤክስ የተባለው የበጀትና የወጪ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ከወረዳ ወረዳ ሊዛመት የቻለውም ከሥሩ ይህ ስላለ ነው። እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን መለያ ቁጥር ቢፈጥር ኖሮ ያን ሁሉ ማን ይደምረው ነበር?

የጤና ጥበቃው ሥራም ሌላ ምስክር ነው። በ2010 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን የጤና ተቋማት መዘርጋት የጀመረው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሶፍትዌር፣ በኖርዌይ አገር በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚዘጋጅና በብዙ አገሮች የሚሠራበት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለወባ፣ ለሳንባ ነቀርሳና ለመሰሉት በሽታዎች የተሰናዱ አብነቶች ያዘጋጅለታል። አገሮች ግን እንዳለ አይውጡትም፤ እንደየአሠራራቸው ያስተካክሉታል። ሶፍትዌሩ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ማወቁ በተለይ የሚያስመሰግነው ነው።

ከውጭ የሚመጣ አብነት ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። ብዙዎቹ ዓመቱን በ12 ወር ከፍለው ስለሚመጡ ጳጉሜንን አያውቋትም፤ እኛ ግን ደመወዝ በ12 ወር እየተቀበልን ቀኑን በ13 ወር እንቆጥራለን። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። የቤተሰብ ስም ጻፉ ይሉናል፤ የኛ ሰው ግን የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። ከጧቱ 2 ሰዓት የምንለውን እነርሱ 8 ሰዓት ይሉታል። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ይመስላሉ፤ ነገር ግን ባለጉዳይ የሚመላለሰው፣ ደመወዝ የሚዘገየው በእነዚሁ ጥቃቅን ነገሮች ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው አብነት አዲስ አበባ ላይ እንደሚታረም ሁሉ፣ ከአዲስ አበባ የመጣውም አርባ ምንጭ ላይ፣ ከአርባ ምንጭ የመጣውም ጨንቻ ላይ መታረም አለበት።

አንዳንድ ሰዎች አብነት የወጣቱን አሳብ ያደነዝዛል ይላሉ። እኛ ግን ይህን የሚል ሰው ወደ ዶርዜ ወጥቶ ሸማኔዎቹን እንዲያይ እንመክረዋለን። ሸማኔው ድሩን ሳያደራ ማግ አይወረውርም፤ የድሩ አሠራርም ከአባት የተማረው ነው። ነገር ግን በዚያው ድር ላይ የሚያወጣው ጥለት እንደ ለባሹ ፍላጎትና እንደ እጁ ጥበብ ይለያያል። ድሩን በየቀኑ እንደ አዲስ ልፍጠር ቢል ጥለት ላይ የሚደርስበት ጊዜ ከየት ያገኝ ነበር?

ስለዚህ አሳባችንን በ3 ነገር እንጠቀልላለን። አንደኛ፣ ማናቸውም የሶፍትዌር ፕሮጀክት ሲያልቅ ከመዘጋቱ በፊት ለጥቂት ቀናት ሠራተኞቹ ተቀምጠው የቦታውን ስምና ቀን አውጥተው፣ የሥራውን ቅደም ተከተልና ያጋጠማቸውን ችግር ጽፈው ይተዉ። ችግሩ ከተደበቀ አብነቱ ግማሽ ነው። ሁለተኛ፣ አብነቱ በዞኑ አንድ የታወቀ ጠባቂ ይኑረው፤ በየጊዜው የታረመበት ቀንና ቁጥር ይጻፍበት፤ አለዚያ ስድስት ልዩ ልዩ ቅጂ በስድስት ጠረጴዛ ተገኝቶ የትኛው ትክክል እንደ ሆነ የሚያውቅ ይጠፋል። ሦስተኛ፣ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተቋቋመውና በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለልምምድ ሲወጡ፣ የሚጽፉት ሪፖርት በመደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ አብነቱን ለማረም ይዋል።

በወጣት ባለሥልጣን ዘንድ ሁሉን ነገር እኔ ጀመርሁት መባል የሚያስከብር ይመስላል። እኛም ከዚህ ፈተና ነፃ አይደለንም። ነገር ግን በደጋው ወረዳ ያሉት ዘበኛ ሶፍትዌሩን ማን እንደ ጀመረው አይጠይቁም። የሚጠይቁት ደመወዝ በቀኑ ወጣ ወይ ብለው ነው። ከእኛ በኋላ የሚመደበው ወጣት እኛ የወደቅንበት ጉድጓድ የት እንዳለ በአብነቱ ላይ ተጽፎ ካገኘ፣ ያን ጊዜ ጥያቄያቸው ተመለሰ ማለት ነው።