ለግድግዳ አታንብቡ!

ዛሬ የያዝኩላችሁ የፍቅር ጥያቄ አይደለም፤ ግን እንቅልፍ በመንሳት ከፍቅር አያንስም።

ደብዳቤው የመጣልኝ ከወደ ቡሬ ነው። ጸሐፊዋ ተመርቃ ሥራ ያጣች ወጣት ነች። ከአራት ጓደኞቿ ጋር የቡሬን በርበሬ አዘጋጅተው፣ አስፈጭተውና አሽገው ለመሸጥ ብድር ጠየቁ። ዕቅዳቸውን ለኮሚቴ እንዲያቀርቡ አሥራ አምስት ደቂቃ ተሰጣቸው። እሷ ሆዬ 34 ስላይድ ይዛ ገባች! ሁሉም በእንግሊዝኛ፤ አማርኛው ርዕሱ ብቻ ነበር፣ እሱም ፕሮጀክተሩ ሲበራ ባዶ ሳጥን በሳጥን ሆኖ ቁጭ አለ። ደነገጠች። ጀርባዋን ለኮሚቴው ሰጥታ ግድግዳው ላይ ያለውን ማንበብ ጀመረች። ዘጠነኛው ስላይድ ላይ ሰዓቱ አለቀ። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተዘጋጅታችሁ ተመለሱ» ተባሉ። «ሐሳባችን መጥፎ ሆኖ ነው ወይስ እኔ አበላሸሁት? ጓደኞቼን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ» ትላለች።

እህቴ፣ ሐሳባችሁስ ግሩም ነው። ቡሬ በበርበሬዋ የታወቀች ናት፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም የተሠራው የገበሬው ምርት እሴት ተጨምሮበት እንዲወጣ ነው። ችግሩ ኮሚቴው ሐሳባችሁን አልሰማውም! ሰው እኮ ረጅም ጽሑፍ እያነበበ ማዳመጥ አይሆንለትም። ስለዚህ ስሚኝ፦

አንደኛ፣ ስላይድ ለአድማጩ እንጂ ለተናጋሪው ማስታወሻ አይደለም። የምትናገሪውን በትንሽ ወረቀት ያዢ። ለጀማሪ ኩባንያዎች ገንዘብ በማፍሰስ የሚታወቀው አሜሪካዊው ጋይ ካዋሳኪ ምክሩ አጭር ነው፦ ከ10 ስላይድ፣ ከ20 ደቂቃ አትለፉ፤ የፊደሉ መጠንም ከ30 አይነስ። ለአንቺ አሥራ አምስት ደቂቃ ሰባት ስላይድ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ዋናውን ነገር ከላይ አድርጊው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ስትነሳ ከነዳጅ ታንኳ የተላቀቀ ስፖንጅ መሰል ቁራጭ ክንፏን መታት። ጉዳቱን የገመገሙት መሐንዲሶች ስላይድ የመታት ቁራጭ በሙከራ ከታየው ከ600 ጊዜ በላይ እንደሚበልጥ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን በመጨረሻው መስመር፣ በደቃቃ ፊደል ነው። መንኮራኩሯ ስትመለስ ተበታትና ሰባት ሰዎች አለቁ። ስላይዱ ገደላቸው አልልም፤ መርማሪዎቹ ግን አደጋው በዚያ አቀራረብ ተሸፍኖ እንደነበር ጽፈዋል። አንቺም «የገበያ ጥናት» ብለሽ ብቻ አትለፊ። «አንድ ኪሎ ዛላ በዚህ ዋጋ ገዝተን አሽገን ስንሸጥ ይህን ያህል ይተርፈናል» በይ። አንድ ስላይድ፣ አንድ ሐሳብ!

ሦስተኛ፣ ኮሚቴው አማርኛ ተናጋሪ ከሆነ እንግሊዝኛው ለማን ነው? ብድር የሚጠየቀውም ዕዳ የሚቆጠረውም በአማርኛ ነው።

አራተኛ፣ ያቺ የሳጥን ነገር። አብዛኛውን ጊዜ ስላይዱ ይዞ የሚሄደው የፎንቱን ስም እንጂ ፎንቱን አይደለም። የሌላው ሰው ኮምፒውተር ላይ የግዕዝ ፎንት ከሌለ ሳጥን ይደረደራል። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች ከተጻፈ ደግሞ የማይነበብ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይወጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ነውና በዩኒኮድ ጻፊ፤ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ይበቃሻል። በፒዲኤፍም አስቀምጠሽ ሁለቱንም በፍላሽ ያዢ። ከሁሉ በላይ፣ በዋዜማው ሄደሽ በዚያው ኮምፒውተር፣ በዚያው ክፍል ክፈቺው። ነጭ ላይ ቢጫ ፊደል ከመስኮት በሚገባ ብርሃን ድራሹ እንደሚጠፋም ያኔ ታያለሽ። እየተሽከረከረ የሚገባውን ፊደል ደግሞ ለሠርግ ቪዲዮ ተዪው!

አምስተኛ፣ መብራት ቢጠፋስ? ስላይዱን አትመሽ ለእያንዳንዱ የኮሚቴ አባል አንድ ቅጂ ያዢ። ከዚያ ሁሉ የሚበልጠውን ግን ረስተሽዋል፦ በርበሬውን! አንድ እጅ ዛላና የታሸገ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ። ኮሚቴው በዓይኑም በአፍንጫውም ይፍረድ።

ጓደኞችሽን በተመለከተ፣ መደበቁን ትተሽ ዛሬውኑ ሰብስቢያቸው። ሰዓት ይዘው ልምምድሽን ይስሙ፤ ያልገባቸውን ይጠይቁ። ሂሳቡን የሚያውቅ ስለ ሂሳቡ ይናገር፣ ገበያውን የሚያውቅ ስለ ገበያው። አምስት ሰው የሚከፍለውን ዕዳ አንድ ሰው ብቻውን ግድግዳ ላይ ሊያነበው አይገባም።

«ተመለሱ» ማለት «አይሆንም» ማለት አይደለም፤ ሁለት ሳምንት ደግሞ ለሰባት ስላይድ ከበቂ በላይ ነው።

በሉ፣ ሳምንት እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!